የወይዘሮ ማሚቱ ፍለጋ እንዳይዘጋ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለስደተኞች ቤተሰብ አፈላላጊ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ገዳሪፍ

አመልካች፦ ሀዲያ ኢሀብ
ጉዳዩ፦ «ቤተሰቡ ተገኝቷል» ተብሎ ሊዘጋ የታሰበው ፋይላችን ሳይጣራ እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የተወለድኩት እዚሁ ሱዳን፣ ኒው ሀልፋ ሲሆን አሁን የምኖረው ገዳሪፍ ነው። አባቴ ሱዳናዊ ነው። እናቴ ወይዘሮ ራሄል ደጉ ግን በደርግ ጊዜ ከአርማጭሆ ወደ ሱዳን ተሰደው ባሱንዳ የገቡት የአቶ ደጉና የወይዘሮ ማሚቱ ልጅ ናት።

2. በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አያቶቼ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። እናቴ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወባ ጥሏት መንገድ አትችልም ስለተባለ ለሱዳናዊት ጎረቤታቸው በአደራ ሰጧት። ክረምቱ ሲወጣ መጥተው ሊወስዷት ቃል ገብተው በሎሪ ተሳፈሩ። ሁለቱም ሲሳፈሩ እናቴ ከአልጋዋ ሆና በበሩ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም። እናቴ «ሀቦባ» (አያቴ) እያለች የምትጠራቸው እኚያ ጎረቤት ግን በቀናት ውስጥ፣ ወባው ለቀቅ ሲያደርጋት፣ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ኒው ሀልፋ ሲገቡ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። ያሳደጓትም የዳሯትም እሳቸው ናቸው።

3. እዚህ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እናቴ «ዘመዶቼ ካሉ አገሬ ልግባ» ስላለች ለጽሕፈት ቤታችሁ አመለከትን። ባለፈው መስከረም ሶፎኒያስ ደጉ የሚባል ሰው መተማ በኩል መገኘቱና የአቶ ደጉ ልጅ ነኝ ማለቱ ተነገረን።

4. እውነቱን ለመናገር ሰውየውን አላመንኩትም። ስልካችንን ማን እንደሰጠው እስካሁን አላወቅንም። መጀመሪያ በደወለበት ቀን የእናቴን ጤንነት እንኳ ሳይጠይቅ ፎቶዋን ላኩልኝ አለ። በማግስቱ ደግሞ ቤታችሁ የትኛው ሰፈር ነው ብሎ ጠየቀ። በዚህ ድንበር ዘመድ ነኝ እያለ ሰው የሚያሻግርና መንገድ ላይ የሚያግት እንዳለ ክቡርነትዎም ያውቃሉ። ስለዚህ እናቴን ስልኩን ከለከልኳት፤ የምመልስለት እኔ ብቻ ሆንኩ።

5. ልፈትነው ብዬ «አያቴ ረጅም ሰው ነበሩ አይደል?» አልኩት። ሳቀና፣ «ማን አለሽ? አባቴ ከእኔ ትከሻ አይደርስም። ቀኝ ጆሮውም አይሰማም፤ ሱዳን ትራክተር ስነዳ ነው የደነቆርኩት ይላል» አለኝ። ለእናቴ ስነግራት «እሱ ነው» አለች። ልጅ ሳለች አባቷን በግራቸው በኩል እየዞረች ነበር የምታነጋግራቸው።

6. ጥርጣሬዬ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ሶፎኒያስ ከሌላ እናት እንደተወለደ ሲነግረኝ ስለ ወይዘሮ ማሚቱ ጠየቅኩት። «የመጀመሪያ ሚስቱማ ባሱንዳ ሞታ ነው የተቀበረች። አባቴ ብቻውን ነው የተመለሰው» አለ። እንደ ሰማው መናገሩ በድምፁ ያስታውቅ ነበር። እናቴ ግን እናቷ በእግራቸው ሄደው ሎሪ ላይ ሲወጡ አይታለች። ያን ዕለት በአያቴ በአቶ ደጉ ላይ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም።

7. አቶ ደጉ በሕይወት ስላሉ ራሳቸው ስልክ ላይ ካልቀረቡ ከእንግዲህ ሶፎኒያስን እንደማናነጋግር አስታወቅን። ከሳምንት በኋላ ቀረቡ። እናቴ ሰላምታቸውን ሳትቀበል «አባዬ፣ እማዬን የት ጣልካት?» አለች። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ኬላ፣ ውረዱ ተባልን። መልሰን ስንሳፈር እሷ አልወጣም አለች። ልጄን ታማ ጥዬ አገር አልገባም ብላ በእግሯ ወደ ኋላ ተመለሰች። እኔ ሎሪው እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ካንቺ ጋር ናት ብዬ ነው የኖርኩት። ለሰው ግን ሚስቴ ጥላኝ ሄደች ማለት አቅቶኝ ሞታለች አልኩ።»

8. እናቴ አምናቸዋለች። እኔ አሁንም በሙሉ ልቤ አላመንኳቸውም፤ የራሳቸውን ጥፋት በሚስታቸው ፍቅር ሸፍነው ይሆናል። ነገር ግን የተናገሩት እውነት ከሆነ፣ ወይዘሮ ማሚቱ ከቀናት የእግር መንገድ በኋላ ባሱንዳ ሲደርሱ የሀቦባ ቤት ተዘግቶ ነው የጠበቃቸው። ልጃቸው ወዴት እንደተወሰደች የሚነግራቸው ሰው ነበር ወይ? እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታስበው ያንን በር ነው።

9. ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ ፋይላችን በአቶ ደጉ መገኘት እንዳይዘጋና ወይዘሮ ማሚቱ በአገር ቤት ሳይሆን በዚሁ በሱዳን በኩል እንዲፈለጉ ነው። ባሱንዳ የቀሩ የዚያ ዘመን ሰዎች ይጠየቁልን። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያሉ ሽማግሌዎችም ልጅ ጠፍቶባት የምትዞር የአርማጭሆ ሴት ያውቁ እንደሆነ ይጠየቁልን። አድራሻችን ይህ እስኪጣራ ለአቶ ሶፎኒያስም ሆነ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ።

ወይዘሮ ማሚቱ በሕይወት ከተገኙ ዛሬ ሰማንያ ዓመት ይጠጋሉ። ሌላ ማንኛውም ነገር ከመነገሩ በፊት እናቴ እንዲህ እንዲባልላት ትፈልጋለች፦ ራሄል ከወባው ድናለች፤ ገዳሪፍ ናት፤ መመለስሽን ያወቀችው ዘንድሮ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ሀዲያ ኢሀብ
(ፊርማ)
ስለ እናቴ ወይዘሮ ራሄል ደጉና ስለ ራሴ