ቀኑን ወደ ውስጥ አጠፍኩት

ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሶሳ።
ሰማዩ፦ ከቀትር ጀምሮ ዝናብ። ነፋስ የለም፤ ማንጎ ግን ይወድቃል።
የተገኙ፦ እኔ፣ አከራዬ ነዕማ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ። (የዶሮዋን ነገር ወደ ታች ስትደርስ ታገኘዋለህ።)
ያልተገኘ፦ አንተ።

ውድ ወንድሜ የሻው፣

አትሳቅብኝ። ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አሁን አውቃለሁ። ግን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ የማላውቀው እድር ቃለ ጉባኤ ነበር። እነማን እንደተገኙ፣ እነማን እንደቀሩ በስማቸው ተጽፎ አየሁና ደስ አለኝ። መቅረቱ የሚጻፍለት ሰው ጨርሶ አልጠፋም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ የተገኙትንና ያልተገኙትን ሳልጽፍ እጄ አይፈታም። ሰማዩን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ቅመም እንደምሸጥ ታውቃለህ። አሮጌ ጋዜጣ፣ ያለቀ የተማሪ ደብተር፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ወረቀት በኪሎ እገዛለሁ። እየቀደድኩ እንደ ቀንድ አሹዬ እጠቀልልና እርድና ጥቁር አዝሙድ እሞላበታለሁ። ሳላነብ የጠቀለልኩት ወረቀት የለም። ፊደል የለየሁትም በዚሁ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ባልና ሚስት የፍርድ ቤት ክርክር እያነበብኩ፣ ፍርዱ ያለበት ግማሽ ኮረሪማ ተጠቅልሎበት ሄደ። እኔ ሰው ቤት ሄጄ የማላውቀው፣ የገዛችኝ ሴትዮ ቤት ድረስ ሄጄ ወረቀቱን ጥላው እንደሆነ ጠየቅኋት። ጥላዋለች። እስከ ዛሬ ለማን እንደተፈረደ አላውቅም። ለሚስቲቱ ይሁንላት።

ዜና የምሰማውም ከዚያው ስለሆነ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሰኛል። እኔ የማውቃቸው ሹማምንት ከተነሱ ቆይተዋል። ገበያተኛው ስለ ዘንድሮ የነዳጅ ወረፋ ሲያወራ እኔ የካቻምናውን በደንብ አውቃለሁ። ብዙ ልዩነት የለውም። ወረቀት ግን በቀለሙና በሽታው ዕድሜውን እለያለሁ፤ ገበሬ የበሬን ዕድሜ በጥርሱ እንደሚለይ። ይህን አስታውሰህ ያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልግሃል።

ፍርሃቴን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ትቼው ነበር፤ ግን አድጓል። ከድባጤ ከወጣን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ እናንተ ተመልሳችሁ ገብታችኋል፤ እኔ አሁንም ጫማዬን እንዳሰርኩ ነው የምተኛው። መታወቂያዬ ደረቴ ላይ ነው። መደቤን ሦስት ጊዜ ያዘዋወርኩት ጀርባዬን የምሰጠው ግድግዳ ፍለጋ ነው። ሰዎች ለንግዱ ብላ ነው ይላሉ። ልብሴ ያለበትን ሻንጣ አንድም ቀን ፈትቼው አላውቅም፤ የምለብሰውን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ አስገባለሁ።

ከሁሉ የከፋብኝ ማንጎ ነው። የነዕማ ማንጎ ዛፍ ቅርንጫፉ በቆርቆሮዬ ላይ ተዘርግቷል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አንድ ፍሬ ጓ ባለ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ። ነዕማ መጀመሪያ ሰሞን አዘነችልኝ፤ አሁን መሳቅ ጀምራለች። የቤቷ ቋንቋ የበርታ ነውና በአማርኛ ስታነጋግረኝ ወንድ ታደርገኛለች። ባለፈው እሑድ አልጋ ሥር እያለሁ በሩን ከፍታ ገባች። የወደቀውን ፍሬ በእጇ ይዛለች።

«ወላሂ ጥይት አይደለም» አለች፤ «ጥይት አይበላም። ይሄ ይበላል። ውጣና ብላ።»

ወጥቼ በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ልቤ ግን እስኪመሽ አልተመለሰም።

አሁን ስሸሸው ወደ ቆየሁት ልምጣ።

ስለ ሚስትህ የላክኸው መልእክት በሹፌሩ በዋሊድ እጅ ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ያልሰጠሁህ ወረቀት አጥቼ እንዳልሆነ ይገባሃል። «እታለም፣ እፀገነት በሰኔ መጨረሻ ትወልዳለች። እናቷ የለችም፤ እናታችንም የለችም። ካንቺ በቀር የምታርሳት ሴት የለችም። ነይ» ብለሃል። መልእክትህን መደቤ ሥር ካለው ወረቀት ጋር እንዳይቀላቀል መታወቂያዬ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ዋሊድ መጣ። ማክሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ዶልፊን ሚኒባሱን አስነስቶ ዓባይን ተሻግሮ በፓዌ በኩል ወደ እናንተ እንደሚመጣ፣ ከፊት ቦታ እንደያዘልኝ ነገረኝ። እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ። በዚያች ሰዓት እጄ ላይ የነበረው ጋዜጣ እርድ ሊጠቀለልበት የተቀደደ ነበር። ርዕሱ በትልቁ ተጽፏል፦ ወደ መተከል የሚወስደው መንገድ ለተሽከርካሪ ዝግ ሆነ።

የሻው፣ ወረቀቱ ቢጫ ነበር። የአቧራና የአይጥ ሽታ አለው። ከላይ በቀኝ ጥጉ ላይ ቀኑ ነበር፦ ታኅሣሥ 2013። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽህም።

እጄ የለመደውን ሠራ። ያንን ጥግ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ ቀጥሎ ጎኑን፤ ከዚያ አሾልኩት። ርዕሱ ከውጭ ቀረ፤ ቀኑ ከውስጥ ገባ። እርዱን ሞላሁበትና ለዋሊድ ሰጠሁት።

«ይኸው አንብብ» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

አምስት ዓመት ሙሉ ዋጋ ከመናገር በቀር ድምፄን የማያውቁት ጎረቤቶቼ ሁሉ ዞሩ። ዝምተኛ ሰው ሲናገር ምስክር አይጠየቅም። ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱ መዘጋቱ በገበያው ታወቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድልድዩም ተሰብሯል ተባለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት መኪና መቃጠሉን የነገረኝ ሰው እኔኑ እንድጠነቀቅ መከረኝ። ብታምንም ባታምንም ደነገጥኩ። የገዛ ወሬዬ መሆኑን ረስቼ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ።

ዋሊድ ወደ ድባጤ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አልገባለትም። እዚያ ከሳምንቱ ግማሹን ኔትወርክ እንደማይኖር ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያን ዕለት ግን ስልኩ አለመግባቱ ማስረጃ ሆነ። ጉዞው ተሰረዘ። ተሳፋሪዎቹ ዕቃቸውን ወሰዱ። እኔም አልመጣሁም፤ ማንም ለምን ቀረሽ አላለኝም። ማክሰኞን እንዴት እንደዋልኩ ልንገርህ? በደስታ ነው የዋልኩት። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል።

ዛሬ ዝናቡ ሳይጀምር የወርቅውሃ መጣች። እሷም የመተከል ሰው ናት፤ ከእኔ መደብ አራተኛ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። በዚያው መኪና ልትሄድ ነበር። ልጇ አይናለም ፓዌ ታማ ተኝታለች፤ የፊታችን ሰኞ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። የወርቅውሃ ቀይ ዶሮ አቅፋ ገባችና ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ አለች።

«ልጄ ስትቀደድ አጠገቧ አልሆንም» አለች፤ «ይሁን። በሕይወት አለሁላት። አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እናት አይኖራትም ነበር።»

አነሳኋት እንጂ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ዶሮዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ዶሮ በአንድ ዓይኗ ነው ሰው የምታየው፤ ይህቺም ጎኗን አዙራ ስታየኝ ዋለች። ጥሬ ብሰጣት አልበላ አለች።

ነዕማ ሁሉን በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ዶሮ የተሰጠው ሰው ለምን እንደሚያለቅስ ጠየቀችኝ። መንገዱን ፈርቼ ነው አልኳት። ነዕማ ጫማዬን አየችው።

«አንተ እዚህም ይፈራል፣ እዚያም ይፈራል» አለች። «መንገዱ ምን አደረገ?»

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለእሷ መልስ ስላጣሁ ነው። መልሱ ላንተ የሚገባ ስለሆነ።

ከድባጤ በሸሸንበት ቀን ጠዋት ጢሱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ከወንዙ ማዶ የማን ቤት እንደሚነድ፣ የታጠቁት ሰዎች በየት በኩል እንደሚመጡ ቆሜ አየሁ። ከእኔ ቤት እናንተ ቤት አንድ ጥሪ ነው፤ ጨው ሲያልቅብኝ ከደጄ ሆኜ ነበር እፀገነትን የምጠራት። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ጀሪካኑን ጥዬ ወደ በቆሎው ሮጥኩ።

እናንተ የነቃችሁት ደጃችሁ ከተደረሰ በኋላ ነው። እፀገነት በጓሮ በኩል ቦዩን ስትዘል እግሯ የተሰበረው ለዚህ ነው። በኋላ በቆሎው ውስጥ ስንገናኝ መቼ እንዳየኋቸው ጠየቅኸኝ። እኔም ድንገት ነው ያየሁት አልኩህ። አመንከኝ። ዝምተኛ ነኛ።

እናንተ ቻግኒ መጠለያ ስትቀሩ እኔ አሶሳ ድረስ የመጣሁት ለንግድ ብዬ አልነበረም። እፀገነት በሸንበቆ ተደግፋ ውሃ ልታቀብለኝ ብድግ ስትል ማየት አቅቶኝ ነው። መንገዱን እፈራለሁ፤ እሱ ሐሰት አይደለም። ከመንገዱ አብልጬ የምፈራው ግን መድረሱን ነው። አራስ ቤት ገብቼ አርባ ቀን ያንን እግር ሳጥብ፣ እሷ ደግሞ ስትመርቀኝ።

ሰኞ መጮህ እንደምችል አወቅሁ። ያ ድምፅ ያኔ የት ነበር?

ነዕማ ለመግሪብ ሶላት ሄዳለች። ዝናቡ አባርቷል። ዶሮዋ አልበላችም። እዚህ ላይ ላቁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን በተራ እጽፍልሃለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ እግሬን ታጥቤ መልሼ አደረግሁ። ሻንጣው እንደታሰረ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጠቀመኝ። ዶሮዋን አቀፍኩ። ነዕማን ቀስቅሼ ቁልፉን ሰጠኋት። በሻሽ ጫፍ አራት ማንጎ ቋጠረችልኝና «ለእፀገነት ነው» አለችኝ፤ አንዱን እንጂ ሦስቱን አንተ አትብላ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ከዚያ የወርቅውሃ ቤት ሄድኩ። ገና ፊቷን አልታጠበችም። ወረቀቱ የዛሬ አምስት ዓመት መሆኑን፣ ቀኑን አይቼ እንዳጠፍኩት ነገርኳት። ዶሮዋን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«እኔ ጉልበትሽን ስስም ዝም አልሽ» አለች።

አዎ አልኳት። በሩን ዘግታብኝ ገባች። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረም። ነጠላዋን ለብሳ፣ ዘንቢሏን ይዛ ወጣችና ከፊቴ መሄድ ጀመረች። ዶሮዋን እንደዘረጋሁ ተከተልኳት።

«ለአራሷ ያዢያት» አለች ሳትዞር። «ላንቺ አይደለም የሰጠሁት።»

ዋሊድ መናኸሪያው ጀርባ ጎማ ሲፈትሽ አገኘነው። እርዱ ያለበትን ጥቅል አሁንም ከመኪናው ኪስ አላወጣውም። ፍታው አልኩት። እርዱን በሌላ ወረቀት ገልብጦ ፈታውና ጥጉን አየ። ስድብ ጠበቅሁ። ለሁለት ቀን ሦስት ተሳፋሪ አስቀርቻለሁ፤ አንዷ እናት ናት። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

«ሦስት ጊዜ እጄ ላይ አገላብጬዋለሁ» አለ። «አልፈታሁትም። ልፍታው ብዬም አላሰብኩም። ጉዞው ሲቀር እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ ሌሎቹን ሁለት ተሳፋሪዎች ጠራ፤ መንገዱ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ትናንት ማታ ከመተከል የገባ ሹፌር በሰላም ነው የመጣሁት ማለቱን፣ ስለ ዛሬ ግን ማንም ሊምልላቸው እንደማይችል ነገራቸው። ተያዩና ተሳፈሩ። እኔም ተሳፈርኩ። ይህን የምጽፍልህ መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው፤ ፊደሌን ያጣመመው የመንገዱ ጉድጓድ ብቻ እንዳይመስልህ። የወርቅውሃ ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ እስካሁን አላናገረችኝም። ዶሮዋ ጭኔ ላይ ናት፤ ከረፋዱ ጀምሮ ከእጄ እየበላች ነው።

የሻው፣ እኔ ይህን በአፌ ልነግርህ አልችልም፤ ታውቀኛለህ። ስለዚህ ዓርብ አመሻሹ ላይ መኪናው ደጃችሁ ሲቆም መጀመሪያ ዋሊድ ይወርዳል፤ ይህን ደብዳቤ ይሰጥሃል። እዚያው ቆመህ አንብበው። ከዚያ ለእፀገነት አንብብላት፤ እግሩ የእሷ ነው። እኔ መኪናው ውስጥ ነኝ። ከፊት፣ በበሩ በኩል።

ስትጨርሱ በሩን ከውጭ ክፈቱልኝ፤ የውስጡ መክፈቻ ተሰብሯል ብሏል ዋሊድ። ካልከፈታችሁትም ቅር አይለኝም፤ እሱ በማግስቱ ተመላሽ ነው። ዶሮዋንና ማንጎውን ግን በመስኮት ተቀበሉኝ።

የተገኙ የሚለውን የዓርብ ዝርዝር ባዶ ትቼዋለሁ። ማን ማን እንደሚጻፍበት እናንተ ታውቃላችሁ።

እታለምህ ምንውየለት