የሰሜኑ መስኮት መዝጊያ

ሰይዴ፣ የኔ ሆድ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና ጥያቄው ራሱ አስለቀሰኝ። አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሁለት ኸሪፍ፣ የዚህ አገር ክረምት፣ ዘንቦ አለፈ፤ የሦስተኛው ዳመና ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን በዴም ጣሪያዎች ላይ ሲሰበሰብ አየሁ። እኔ ፋጡማህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት እንግዲህ በልቼ እጠጣለሁ፣ ሰው ሲናገረኝ እመልሳለሁ። ሳቅ ግን ገና ነው።

የምጽፍልህ ከዚያው ከሐጃ ነፊሳ ቤት፣ እንጨት ስትልግ ከምትውልበት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ትዝ ይልሃል አይደል፣ ሐጃ ሁለት በር አስተካክልልኝ ብላ ጠርታህ፣ አንተ በዚያው የቀረኸው? በእንግሊዝ ጊዜ የተሠራ ቤት ነው፣ እንዲህ ያለ ጡብ ዛሬ የለም፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ነው እያልክ ስታወራ፣ የቤቱ ባለቤት አንተ ትመስል ነበር። እሷም ወዳህ የጓሮውን ክፍል ሰጠችን። እኔ ያኔ ካፉሪ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ ጁምዓ ጁምዓ ስመጣ የማገኝህ ከነመጋዝህ ነው። ባል ሳይሆን ሰጋቱራ ያገባሁ ይመስለኝ ነበር፣ ወላሂ።

በተለይ የሰሜኑ መስኮቶች! እዚህ ሺሽ የሚሉትን፣ ተዘግቶም በስንጥቁ ንፋስ የሚያስገባውን የጥንት መዝጊያ አንድ በአንድ አውርደህ፣ ቀለሙን ፍቀህ፣ የተሰበረውን ተክተህ መለስካቸው። እኔ የካፉሪን ኤሲ ለምጄ፣ ምናለ አንድ ብንገዛ ስልህ ትቆጣለህ። ይህ ቤት መተንፈስ ያውቃል፣ አፍንጫውን የደፈኑት ሰዎች ናቸው ትለኝ ነበር። የመጨረሻው መዝጊያ ግን አስቸገረህ። ጥግ ላይ ያለው። እንጨቱ አብጦ አልገጥም ሲልህ፣ እስካስተካክለው ትንሽ ከፍ አድርገሽ ዝጊው አልከኝ። እኔ ደግሞ እረስቼ ባንገጫገጭኩት ቁጥር ራስህን ትይዛለህ። በመጨረሻ ልትልገው አውርደህ በረንዳው ላይ አስደገፍከው። እንዳስደገፍከው ጦርነቱ መጣ።

የዚያን ጊዜ ነገር ላንተ መንገር ምን ያደርጋል፣ አብረን ነው ያየነው። መብራት ጠፋ፣ ሐጃን ልጆቿ ወደ ግብፅ ወሰዷት፣ እኛ ቀረን። የኔ ጭንቀት ጥይቱ አልነበረም፣ ያንተ ኢንሱሊን ነበር። ፍሪጅ የለ፣ በረዶ የለ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ውሃ ከምናቀዘቅዝበት ከሸክላው ዚር ሥር አስቀምጠው ነበር፤ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ሮጬ አረጥበዋለሁ። የዴም ሙቀት ግን በለጠኝ። መድኃኒቱ ደፈረሰ፣ ወግተህ ወግተህም ስኳሩ አልወርድ አለ። አንተ እኔን አብሽሪ፣ አይዞሽ ትላለህ፣ ዓይንህ ግን ጎድጉዶ ነበር።

ያረፍክ ቀን ወደ መቃብር ቦታ መሄጃ አልነበረም፤ መንገዱን ተኩስ ይዞታል። ጎረቤቶች ተሰብስበው ግቢው ውስጥ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ቆፈሩልህ። በላይህ የሚረበረብ ጡብ ቢፈለግ ጠፋ። አንዱ ያንን የተደገፈ መዝጊያ አየና ቀና ብሎ አየኝ። ውሰዱት አልኩ። እሱን ከላይህ ጋደም አድርገው፣ ብርሽ የሚሉትን የዘንባባ ሰሌን አለበሱትና አፈር መለሱ።

እኔ ከዚያ ገዳሪፍ ከረምኩ። ጋብ ሲል ተመልሼ መጣሁ፣ ሌላ ለማንም ሳይሆን ላንተ ብዬ። ቤቱን ብታየው ታለቅስ ነበር። የመብራቱን ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳው መዝዘው ወስደውታል። መዝጊያዎችህን ግን አልነኩም፣ ምን ያደርጉልናል ብለው ነው መሰል። ሐጃም ተመለሰች፤ እሷም ልጇን ቀብራ ነው የመጣችው። ይህን ቤት ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሰጥቻለሁ፣ ለልጄ ሰደቃ ይሁነው አለች።

ሥራውን የያዘችው ሪሃብ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። አቦ፣ ምነው ባገኘሃት! ስትከራከሩ ውላችሁ ስትስማሙ ታመሹ ነበር። ግድግዳው ላይ በኋላ የተለጠፈውን ሲሚንቶ አስላጠችና፣ ጡቡ እርጥበቱን እንዲያወጣ በኖራ አስለሰነችው። ጣሪያውን በአፈር አወፍራ ከላይ ነጭ ቀባችው። ሶላሩን ደግሞ ከጣሪያው ከፍ አድርጋ በእግር አቆመችው፤ መብራት እየሰጠ ለጣሪያውም ጥላ ይሆናል። በሰሜን መስኮቶች ሥር ዚር ደረደረች፤ ንፋሱ ባንተ መዝጊያዎች ገብቶ እርጥቡን ሸክላ ነክቶ ያልፋል። ኤሲ የለም። የሶላሩ ጉልበት ለመብራትና ለመድኃኒት ፍሪጅ ብቻ ነው አለች። ልክ አንተ ስትናገር የሰማሁ መሰለኝና ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ሰይዴ፣ አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። በየግቢው የተቀበረ ሰው ሁሉ ወጥቶ ወደ መቃብር ቦታ ይዛወር ተባለ። ጤና ጣቢያውም ግቢው ውስጥ ቀብር እያለ አይከፈትም። እኔ እምቢ አልኩ። ከሰው ሁሉ ተጣላሁ። በጦርነት ያልተውኩትን አሁን በሰላሙ ላስረክበው ነው ወይ አልኳቸው። ጠዋት ስወጣ ሰላም የምልህ፣ ማታ ዱዓ የማደርግልህ እዚያው ደጄ ላይ ነህ። ከሄድክ ምን ቀረኝ? ልጅ የለኝ፣ ወገን ወሎ ነው። ኒሙን ተደግፌ ቁጭ እላለሁ፣ ሠራተኞቹም ዞረውኝ ያልፋሉ። ፍሪጁ መጥቶ ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ቆመ። ሪሃብም ሐጃም አንድ ቀን እንኳ አልተጫኑኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሐጃ ውሃ ልቀዳላት ወደ ዚሩ ሄድኩ። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አየሁ። አነሳሁት። ኢንሱሊን ነው። ሐጃ ሱከሪ፣ ያንተው የስኳር በሽታ፣ እንዳለባት አላውቅም ነበር፤ የያዛት በስደቱ ነው አሉ። እኔ ባንተ እንዳደረግኩት አድርጋ፣ ጨርቁን አርጥባ፣ ሙቀቱ ሳይቀድማት እየተሯሯጠች ነበር። ያ ፍሪጅ እኮ እዚያው ቆሟል! ጤና ጣቢያው እስኪከፈት ግን አይሠራም፤ እሷ ለኔ ስትል ታግሣ ማለት ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። ጨርቁን አርጥቤ መለስኩትና ሪሃብን ጠርቼ ይውጣ አልኳት።

የወጣህ ቀን ወንዶቹ ቁመው ጋረዱልኝ፣ እንዳይ አልፈቀዱም። መዝጊያው መጀመሪያ ወጣ። ምስጥ አልነካውም ሰይዴ! የጥንት ቲክ እንጨት ነው፣ ምስጥ አይበላውም ስትለኝ ጉራ ይመስለኝ ነበር። አብሮህ ይሂድ አሉ። ሼኩን ጠየቅኩ፤ የሟች ከፈኑ ብቻ ነው፣ እንጨቱን የፈለግሽውን አድርጊው አለኝ። ያኔ ድምፅህ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ እንዲህ ያለ እንጨት አፈር ውስጥ ይጣላል ወይ ብለህ ስትቆጣ። ይቅር አልኩ፣ መስኮቱ ላይ ይመለስ።

ሴት ቀብር አትሄድም ብለው አስቀሩኝ። አንተን የጫነው መኪና ሲወጣ እኔ ባልዲ ይዤ በረንዳው ላይ ተንበረከክኩ። አንተን ያጠብኩህ እኔ ነኝ፤ እሱንም እኔው አጠብኩት። በየስንጥቁ የገባውን አፈር በጣቴ አወጣሁ፣ አልደፋሁትም፣ ኒሙ ሥር መለስኩት። አሁን መቃብርህ በሪክሻ፣ በባጃጁ፣ ረጅም መንገድ ነው። ብቻዬን እየመጣሁ ከአጥሩ ውጪ ዱዓ አደርግልሃለሁ።

መዝጊያው ተሰቀለ። አሁንም አልገጠመም። የሪሃብ አናጢ መላጊያውን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ቆምኩበት። ሥራህ ሳያልቅ በመቅረቱ ትናደድብኛለህ፣ አውቃለሁ፣ ተናደድ። ጤና ጣቢያው ተከፍቷል፣ የሐጃ መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ነው። እኔም እዚሁ ሥራ ይዣለሁ፤ ጠዋት መስኮት መክፈት፣ ዚር መሙላት፣ ማታ መዝጋት የኔ ነው። ያንን የጥጉን ሌላ ሰው አይነካውም፣ ዘዴውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰው ይረሳል ይላሉ፣ ጊዜ ያስረሳል ይላሉ። እኔ ግን ማታ ማታ እዚያ መስኮት ጋ ስደርስ ሁለት እጄን ከሥሩ አስገብቼ፣ እንዳልከኝ ትንሽ ከፍ አድርጌ እዘጋዋለሁ። እጄ ጉልበት እስካለው ድረስ እንዲሁ ነው ሰይዴ። አላንገጫግጨውም።

ፋጡማህ