ሁለቱ አደራዎችህ

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ አየሩስ ተስማማህ? እኛ ደህና ነን። እኛ ስልህ ሦስታችንን ማለቴ ነው፤ እናትህ፣ እኔና እባቡ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ቅዳሜ ሾፌር እንደምትልክ፣ እባቡን ለባለቤቱ እንደሚመልስ፣ በዚያው መንገድ እናትህን እህትህ ቤት እንደሚያደርስ፣ እኔም "ትንሽ እንዳርፍ" መሆኑን አንብቤያለሁ። ለማረፌ ስላሰብክ እግዜር ይስጥልኝ። መልሴን ከእባቡ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው።

ባለፈው ስትመጣ ሁለት አደራ ጥለህብኝ ሄድክ። አንዱ እናትህ ናቸው። ሌላው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ፣ ከጣቴ የማይወፍር ብርቱካናማ እባብ ነው። "ሥልጠና የሄደ የሥራ ባልደረባዬ እባብ ነው፤ ሦስት ወር ብቻ። ደግሞ እማዬ እንዳታይ፣ እባብ ካየች ልቧ ቀጥ ይላል" አልከኝ። ከሣጥኑ ጋር በእጅ የተጻፈ ሁለት ገጽ መመሪያ ነበረው።

መመሪያው ያለውን አንድም አላጎደልኩም። ሣጥኑን ዕቃ ቤት፣ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ደበቅኩት። አብሮት የመጣውን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ በአንድ በኩል ብቻ ከሥሩ አነጠፍኩ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እንዲሸሽ። ውኃውን በየቀኑ እቀይራለሁ። እሑድ እሑድ እናትህ ጎረቤት ሲወጡልኝ ከፍሪዘሩ አንዲት ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል አወጣና ለብ ባለ ውኃ አቀልጣታለሁ፤ ከዚያ በወረንጦ ይዤ አፍንጫው ሥር ማወዛወዝ ነው። የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እሱ ግን ከቁብም አልቆጠረኝ፤ ላፍ አድርጎ ዋጣት። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አይነካም። ስሙን "ቀበቶ" ብዬዋለሁ። አይጮህም፣ አያኮርፍም። ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል፤ ጥፋቱ ያ ብቻ ነው።

ከእባቡ ጋር ያመጣሃቸውን አይጦች በአይስክሬም ዕቃ ከትቼ ክዳኑ ላይ "መድኃኒት" ብዬ ጻፍኩ። ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ቤት መድኃኒት ቢገኝ ማን ይጠረጥራል?

በስድስተኛው ሳምንት ቀበቶ አልበላም አለ። በሰባተኛው ዋጠና በማግስቱ ተፋው። መመሪያው ደግሞ "ከተፋ ለሕይወቱ ያሰጋል" ይላል። ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ "በቃ፣ አደራ በላ ሆንኩ" ስል ለካ እናትህ በሩ ላይ ቆመዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል። ልባቸውም ቀጥ አላለም። "ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ እኔም አበላው ነበር" አሉኝ።

አንድ ወር ሙሉ፣ እኔ ሥራ ስውል! ጠረጴዛውን ሊያነሱ ገብተው ነው ያገኙት። "እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የኔ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ልጥ መስሎኝ፣ መስታወቱ ባይከለክለኝ ልስበው ነበር" ብለው ሳቁ። ከዚያ መመሪያውን አንብበው ፍሪዘሩን ከፈቱ። "ለመሆኑ መድኃኒት ጭራ ማብቀል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉኝ።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብላቸው ሳቃቸው ጠፋ። ወረቀቱን አነሱት። ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ አንተንም ፊደል ያስቆጠሩህ እሳቸው ናቸው። "ይህ የልጄ እጅ አይደለም። የሱ ፊደል ወደ ግራ ይወድቃል፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ይህቺ መስመሯን ትጠብቃለች" አሉ። ከዚያ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። "ከሥራ ስትገባ እንደምታደርገው፣ ክንድህ ላይ ተጠምጥሞ ይቆይ" የሚለው ጋ።

እኔም ካመጣኸው ቀን ጀምሮ እዚያችው መስመር ላይ ቆሜ ነው የከረምኩት።

እናትህ እባቡን ያበሉት የምረሳው መስሏቸው፣ ከሞተ ባለቤቱ ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ያኔ እኔም የሷን ነገር አውቃለሁ ብለው ነው። እኔ የደበቅኳቸው ደግሞ ካወቁ በልጃቸው አፍረው ሻንጣቸውን ያነሳሉ ብዬ ነው። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንደሚባለው ሆነን ከረምን። በመካከል ያለ ልክ የጠገበው ቀበቶ ነው።

አሥር ቀን አስጾምነው፤ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ጀመርንለት። ዓይኑ ደፍርሶ ሰነበተና ቆዳውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሳይቀደድ ጣለው። እናትህ ድሮ የተማሪ ስም በሚጠሩበት መዝገብ ውስጥ አስቀመጡት። የምግቡንም ሰንጠረዥ በማስመሪያ አስምረው ሠርተዋል፤ የሣጥኑ ክዳን ላይ ለጥፌልሃለሁ። የበላው ረቡዕ ነው፤ እስከሚመጣው ረቡዕ እንዳትሰጡት።

ስለ ሌላው አደራ። እኔ የወሰንኩላቸው እንዳይመስልህ ደብዳቤህን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ሰሃን አጥቤ ጨረስኩ፤ ያንኑ ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። ሦስተኛ ልጀምር ስል "ለኔም መመሪያ ተጽፎልኛል እንዴ?" አሉ። ቀጥለው ሰሃኑን ከእጄ ተቀበሉኝና "ለሾፌሩ አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለን በይው። እኔ ቤቴ ነኝ፤ ልጄም ጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ቁርሷን ማን ይሠራላታል?" አሉ።

ስለዚህ ነገ የሚደርስህ ሣጥኑ ነው፤ እንዳይበርደው በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። ለመመሪያው ጸሐፊ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የጎደለው ነገር የለም፤ ቀበቶም በአንድ ጣት አድጎ ነው የሚመለስላት።

እናትህ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሁለት ፊደል አርመዋል። የቀረው የሚታረም የለውም ብለዋል። ጤና ይስጥህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ፤ ይህ የሁለታችንም ምርቃት ነው።

የእናትህ ምራት