አባባ ያየው ነብር

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። አባባ አሁንም ፓርኩ ውስጥ እንግዶችን ያስጎበኛል። እኔም ትምህርቴን አቋርጬ መኪናው ላይ ከኋላው እቀመጣለሁ። አውሬ ሳይ ባለበት በኩል ትከሻውን መታ አደርጋለሁ፤ ሁለቴ ለአንበሳ፣ ሦስቴ ለነብር።

ትናንት ነብር አይቼ ሦስቴ መታሁት። መኪናው ጉድጓድ ስለገባ ቁጥሩ ጠፋበት መሰለኝ፣ "ያውላችሁ አንበሳው!" አለ።

"ዛፍ ላይ የተኛ ዝንጉርጉር አንበሳ!" ብለው እንግዶቹ ሳቁ።

ሾፌሩ አልሳቀም። "ጋሼ፣ ሰኞ የፓርኩ አለቃ አብሮን ይወጣል፤ ልጅቷ ትቅር ብሏል" አለው አባባን።

 ቤት ስንገባ አባባ፣ "አባባ ነብር አየ ብለሽ ለወንድምሽ ጻፊለት" አለኝ። ይኸው ጽፌልሃለሁ።

ሳይመሽብን ለመተያየት ያብቃን።

ታናሽ እህትህ