በቀይ እስክሪብቶ የመለስኩት ወረቀት

አምቦ፣ ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሃዊ፣
ባኮ

እንደምን አለሽ ልጄ? ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ ባኮ ለሚመላለሰው ሹፌር ለቀነዓ ሰጥቼዋለሁ። የእኔን ጽሕፈት አይተሽ ሳታነቢ አትቅደጂው፤ እባክሽ። እናትሽ እየሞተችብኝ ነው።

ኩላሊቷ ከእንግዲህ አይድንም ብለውን ማክሰኞ ከሆስፒታል ወደ ቤት አመጣናት። አጥሚት በማንኪያ ሳቀርብላት አፏን ትገጥማለች። የግቢው በር በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር “ሃዊ ናት፣ ክፈትላት” ትለኛለች። ሄጄ እከፍታለሁ። ምን ላድርግ?

አንድ የማታውቂው ነገር አለ። የዛሬ አራት ዓመት ክረምት፣ እርጉዝ ሆነሽ በዚያ ዝናብ በር ስታንኳኪ፣ “የዚህ ቤት ልጅ አይደለሽም” ብዬ የቀረቀርኩብሽ እኔ ብቻዬን ነኝ። እናትሽ ጉደር ለቅሶ ሄዳ ነበር። መምጣትሽን እንኳ አልሰማችም።

ከሳምንት በኋላ ወረቀትሽ መጣ፤ ከልጅነትሽ እንደለመድነው በእንግሊዝኛ። “ተውከኝ” ለማለት “ፎርሴክ” የሚለውን ግሥ ተጠቅመሽ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከሰቀልኩት የኢሬጉላር ቨርብ ሰንጠረዥ ላይ ማንም ተማሪ የማያነሳውን። እና እኔ፣ ሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ! ቃሉን አክብቤ፣ “እዚህ ቦታ አይገባም። ይህ የሚባለው መጠጊያ የሌለውን ሰው ጥሎ ለሚሄድ ነው። ሂያጇ አንቺ ነሽ” ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ። ከአስር አራት ማርክ ሰጥቼ መለስኩልሽ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

እናትሽ እንግሊዝኛ አታነብም። “ልጄ ምን አለች?” ስትለኝ፣ “ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም ብላለች” አልኳት። ግርጌው ላይ የጻፍሽውን አዲስ ስልክ ቁጥርም ደበቅኳት። አራት ዓመት ሙሉ “ምን በድያት ነው?” እያለች አለቀሰች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ትናንት ከሰዓት ግን አልቻልኩም፤ አንድ በአንድ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። “ያ የጻፈችው ቃል ምን ማለት ነው?” ብቻ አለችኝ። አመሌ ነውና ማስረዳት ጀመርኩ። ዝም ብሎ መተው አይደለም አልኳት። ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ቤት ሲቀይር አይባልም። ዛሬ በወሬ መሀል አይሰማም፤ በጸሎትና በድሮ መጻሕፍት ነው ያለው። አንድ ሰው በአንተ ብቻ ተደግፎ ቆሞ፣ መደገፉን እያወቅህ ስትተወው ነው አልኳት።

“ታዲያ ልጄ ምኑን ተሳሳተች?” አለችኝ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ሲንኳኳ “ክፈትላት” ከማለት በቀር ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ሆና አታውቅም።

ሃዊዬ፣ ትክክል ጽፈሻል። ቃሉም ቦታው ነበር፣ ሰውዬውም እኔ ነበርኩ። እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፣ ነይላት። ስለ እኔ አትበይ፤ አንቺ ስትገቢ እኔ ወጥቼ ጎረቤት ኦቦ ዓብዲሳ ቤት እቀመጣለሁ። ልጅሽ ሴና መባሏን ከቀነዓ ሰማሁ፤ ይዘሻት ነይ፣ አያቷ ትያት። ቀነዓ ቅዳሜ ጠዋት ከባኮ ይመለሳል፤ ከኋላው ሁለት ወንበር ይዞላችኋል። የግቢውን መቀርቀሪያ ዛሬ በመዶሻ ነቅዬ ጣልኩት። ማንኳኳት አያስፈልግሽም።

አምላክ መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ፣ ሴናን ያሳድግልሽ። እናትሽን ደግሞ እስከ ቅዳሜ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ፣ ያቆይልን።

ከስሜ በፊት የሚገባውን፣ ለአንቺ ምንሽ እንደሆንኩ የሚናገረውን ቃል ልጽፍ ብዬ አልደፈርኩም። ለተማሪዎቼ ፈተና እንደማወጣው ባዶ ቦታ ትቼልሻለሁ፤ አንቺ ሙይው። ባዶውን ብትተይውም አላርምሽም።

……………… ሚልኪያስ