መገንጠያው ላይ

ዐይን ሰብኻ፣ ደቡብ ቱኒዚያ
ረቡዕ፣ ጥር 2003

የዓይኔ ብሌን ንጅማ፣

የስፋክስ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ትምህርቱስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄን ሰምተሽ ትደነግጫለሽ። አክስቴ መምህርት ረባህ ትናንት በዘጠና አንድ ዓመታቸው አረፉ። አጥበን ከፈን አለበስናቸው፤ ወንዶቹ አሁን ተሸክመዋቸው ወጡ። ወንድምሽ ፈርጃኒ ከፊት ነው። እኛ ሴቶች እንደ ወጉ ቤት ቀረን።

የሚያስፈራኝን ታውቂዋለሽ። መገንጠያው ላይ ወደ ላይ የቀዮቹ መቃብር ነው፤ ወደ ታች የእኛ የጥቁሮቹ። እሳቸው ግን ሰው በተሰበሰበበት «ላይኛው ቅበሩኝ። ልጆቻቸውንና ልጆቻችንን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ፤ እኔንም አንድ አፈር ላይ ያስተኙኝ» ብለው ተናዘዙ። ሐጅ ዘርዙር ይህን ሰምቶ ገበያ መሃል «የባሪያ አጥንት ካባቴ ጎን? እኔ ቆሜ እያለሁ!» ብሎ ማለ። ወንድምሽ የሚሠራው ደግሞ በእሱ የቴምር እርሻ ነው።

እሳቸውማ ማንን ፈርተው ያውቃሉ! ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ቀዮቹ እኛን ከኋላ መሬት ላይ ሊያስቀምጡን ነበር። እሳቸው «ሁሉም ወንበር ላይ ካልተቀመጠ እኔም አልቀመጥም» ብለው ስንት ወር ቆመው አስተማሩ። ውሃ በአንድ ጣሳ አጠጡን፤ ቀዮቹ ልጆቻቸውን ሲያስቀሩ በየደጃቸው እየዞሩ «ልጅሽ ማንበብ ጀምራ ነበር፤ አታስቀሪብኝ» እያሉ መለሷቸው። እኔ የእህታቸው ልጅ መሆኔ ይገርመኛል።

ሊወጡ ሲሉ የፈርጃኒን እጅ ጎትቼ «ልጄ፣ በሞቴ፣ መገንጠያው ላይ ወደ ታች ታጠፉ» አልኩት።

«እማዬ፣ ኑዛዜያቸው እኮ ነው!»

«እሳቸው አንዴ ሞተዋል። አንተን ገድለውብኝ ምን ልሁን?»

እጁን አስለቅቆ ወጣ። ኮሽ ባለ ቁጥር ወደ በሩ እሮጣለሁ። እስኪመለስ እስክሪብቶውን ላስቀምጠው፤ አልቻልኩም።

መጣ ንጅማ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልነካውም። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«ወደ ታች ታጠፍን» አለኝ። «ላይ ብዙ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ቆሞ አየን። ሊደበድቡን ነው ብለን ታች ተጣድፈን ቆፍረን ቀበርናቸው።»

«እሰይ! ደግ አደረጋችሁ።»

«የምን ደግ? ስንጨርስ እየሮጡ መጡ። የሐጅ ዘርዙር ልጅ ከፊት ነበር፤ ካባቱ ተጣልቶ ነው የመጣው። ‹መምህርታችንን የት አደረሳችኋቸው? ከንጋት ጀምረን ቆፍረን ስንጠብቅ!› ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የመጡት ሁሉ ያስተማሯቸው ናቸው፣ እማዬ።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በሕይወታቸው ሙሉ አንድ ነገር ጠየቁን፣ እሱንም እኔ ከለከልኳቸው። ላይ የቆፈሩትን ባዶ ጉድጓድ አፈር መልሰውበት ድንጋይ አቁመዋል አሉ። «ከእናንተ መሃል ቀድሞ ለሚሄደው ይሁን» ብለዋል። ከእሳቸው በታች ትልቋ እኔ ነኝ።

አሁንም እፈራለሁ፤ ሐጅ ዘርዙር አለ፣ ነገ ወንድምሽን ከሥራ ያባርረው ይሆናል። ግን አደራ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ወደ ላይ ውሰዱኝ። ያኔ እንደ ልማዴ ፈርቼ «ተዉ፣ ታች ይሻለኛል» ብል አትስሚኝ።

አላህ የእሳቸውን ዕድሜ ይስጥሽ፤ የእሳቸውንም ልብ።

ፈሪዋ እናትሽ፣
መስዑዳ