ስድስተኛው ዘፈንና የጋሽ ቱሉ ዱላ

ሰኞ

ደግሞ ደበደቡት! ጎረቤቴ ጋሽ ቱሉ ገና ጊታሬን ሳነሳ የቆርቆሮ አጥሩን በዱላቸው ይነርቱታል። ዷ ዷ ዷ። «ጨል ጄዲ! ዝም በል አንተ!» ዛሬ ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

እኔ ገመቹ፣ መቱ ከተማ ውስጥ ፓንክ ሮክ የምጫወት ብቸኛው ሰው ነኝ። ባለፈው ወር እንኳ ሦስት ነበርን። ሁለቱ ለሠርግ ኪቦርድ መምታት ይሻላል ብለው ሄዱ። ይሂዱ! አልበሙን ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። ጊታር እኔ፣ ቤዝ እኔ፣ ድምፅ እኔ፣ ከበሮ እኔ። ከበሮው የናፍጣ በርሜል ነው፤ ቀን ቀን ብረት በያጅ ስለሆንኩ በርሜል አይቸግረኝም። አምስት ዘፈን አልቋል። አንድ ቀረ።

የቀረው የሁሉም አለቃ ነው። አምስቱን በጭንቅላቴ ይዤ ዘፈንኳቸው፤ ስድስተኛውን ግን በእጄ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩበትን የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ከስሜ ቀጥሎ በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ርዕሱ «አጥር ደብዳቢው»። ስለ ማን እንደሆነ አልናገርም። ዱላ ያለው ሰው ነው።

የመቅጃው ዕቃ ባለቤት ነስሩ ቅዳሜ ጠቅልሎ ጅማ ይገባል። ስለዚህ ነገ እንቀዳዋለን፤ ያልቃል።

ማክሰኞ

ጋሽ ቱሉ ሞቱ።

የእድሩ ጥሩምባ በንጋት ቀሰቀሰኝ። «በዚህ ሳምንት? ሌላ ሳምንት አልነበረም?» አልኩ ጮክ ብዬ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ትናንት አጥር ሲነርት የዋለ ሰው እንዴት ሞቶ ያድራል?

ድንኳን ስንተክል የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ገመቹ፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ያቺን ክራር እንዳትነካ።»

«ጊታር ነው ጋሼ።»

«እሱንም እንዳትነካ።»

ሰባተኛው ቀን ሰኞ ነው። ነስሩ ቅዳሜ ይሄዳል። በቃ፣ አለቀልኝ።

ደግሞ አላበቃም። ቀብሩ ላይ የጋሽ ቱሉን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ልታነብ ስትል እንባ አሸነፋት። የእድሩ ጸሐፊ ወደ ኡካ ከተማ ሄዶ አልተመለሰም። ጋሽ ደምሴ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ገመቹ! ማንበብ ተማርኩ እያልክ ሰፈሩን ስታደነቁር አልነበር? በል!» አሉኝ።

አነበብኩ። ማለቴ፣ ጀመርኩ። ልጅቷ ፊደሉን አያይዛ ነው የጻፈችው። «ጋሽ... ቱሉ... የተ... የተወ... የተወለዱት...» ላብ አጠመቀኝ። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ! ልጁን ሐዘን አነቀው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ተከተላት። አንድ ቃል ባወጣሁ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። «የቡና መፈልፈያ ዘበኛ ነበሩ» የሚለው ላይ ስደርስ አካፋ የያዙት ሳይቀሩ ያለቅሳሉ። መቱ እንዲህ የሚያስለቅስ አንባቢ አይታ አታውቅም፤ ይሄ ይመዝገብልኝ።

ግን «አጥር ደብዳቢው» ደረት ኪሴ ውስጥ ታጥፎ ነበር። የጋለ ብረት የያዝኩ መሰለኝ።

ረቡዕ

ድንኳን። ዝናብ። ካርታ ጨዋታ። የሚያበግኑኝ፦

ዝናቡ።

ጋሽ ደምሴ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እጄን የሚያዩት።

ነስሩ። «ሶር ፏፏቴ ሄደን ለምን አንቀዳም? ሰው የለም» ይለኛል። ፏፏቴው ለኔ ብሎ ዝም ሊል ነው?

ሰው ሁሉ እየመጣ «አይዞህ» ማለቱ። የጋሽ ቱሉ ባለቤት እትዬ ዘነቡ እጄን ይዘው፣ «እንዲህ ትወደው እንደነበር አላወቅንም» አሉኝ። ንፍሮ ጎረስኩ።

ሐሙስ

ነስሩ አምስቱን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ሲፈትሽ ድንገት ፊቱ ተቀየረ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካው። ዷ ዷ ዷ። በአምስቱም ውስጥ አለ!

«አውጣው!»

«አይወጣም ወንድሜ። ካንተ ድምፅ ጋር ተቀድቷል። እሳቸውን ካወጣሁ አንተም ትወጣለህ።»

ሞተውም አልለቀቁኝም! በንዴት ወጥቼ ዝናብ ውስጥ ቆምኩ። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሌላ ነው፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከኔ በርሜል ይልቅ የሳቸው ዱላ ምቱን ይጠብቃል። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ዓርብ

ግጥሙን ልቀይር ተቀመጥኩ። «አጥር ደብዳቢው» የሚለውን ሰርዤ «ደጉ ሽማግሌ» አልኩት። አነበብኩት። ይሄ ፓንክ ሳይሆን የእድር ማስታወቂያ ነው። ሰረዝኩት።

አምስት ዘፈን ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። ግን በእጄ የጻፍኩት አንድ ነገር፣ እሱው ከአልበሙ ይቅር? ለዚህ ነው ቀን ሙሉ ብረት ስበይድ ውዬ ማታ ትምህርት ቤት ከሕፃን ወንበር ጋር ስታገል የከረምኩት?

ቅዳሜ

ጠዋት ነስሩ ቤቴ ገመዱን እየጠቀለለ ሳለ አጥሩ ተደበደበ። ዷ ዷ ዷ። ነስሩ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እኔ አልፈራሁም። ከበርሜሉ ኋላ የገባሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።

እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ በጋሽ ቱሉ ዱላ።

«ቀጂው ሰውዬ ዛሬ ይሄዳል አይደል? ምነው ዝም አላችሁ?»

«እትዬ፣ ጋሽ ደምሴ ከልክለዋል።»

«ሐዘኑ የኔ ነው የደምሴ?»

እንግዲህ መዋሸት አቃተኝ። «የቀረው ዘፈን እኮ በሳቸው ላይ ነው። ስድብ አለበት።»

«እናውቃለን። ወር ሙሉ እላያችን ላይ ስትለማመደው አልነበር? ‹ይሄ ልጅ ስድብ አያውቅም። አጥር ደብዳቢ ደግሞ ስድብ ነው? የዘበኛ ሥራዬ አይደለም እንዴ!› እያለ ቱሉ ይስቅ ነበር።»

ግጥሜን ንቀውት ነበር! መልስ እንዳልሰጣቸው ደግሞ ሞቱ!

ቀዳነው። አንዴ ብቻ፣ በሩ ላይ ፍራሽ አቁመን። አንድም ፊደል አልቀየርኩም። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ሁልጊዜ እሳቸው የሚነርቱበት ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ እጄ በራሱ ቆመ። ጠበቅኩ። በመስኮቱ አሻግሮ የእትዬ ዘነቡ ነጠላ በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል፤ ዱላው በእጃቸው ነው። አልመቱም። ዘፈኑን ጨረስኩ።

ነስሩ፣ «መሃል ላይ ያለችውን ዝምታ ልቁረጣት?» አለኝ።

«ከነካሃት አንተን ነው የምቆርጥህ።»

ስድስቱንም ይዞ በጅማው መኪና ሄደ። ጥሩ ይሁን መጥፎ እንጃ። ምርጥ ነው እላለሁ፤ ግን ስለ ራሴ መቼ ሌላ ብዬ አውቃለሁ?

ጋሽ ደምሴ በራፌ ላይ ቆመው ስሜን እየጠሩ ነው፤ ከነአባቴ። ልውጣ።